ምዕራፍ ስድስት፦ በረዶ ለከሚሴ

በሞቃት አገር በረዶ መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ዱባይ ውስጥ ከአንድ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ጋር የተያያዘ፣ 22,500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ ተከፈተ። በበጋ ከግድግዳው ውጭ ያለው ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል፤ ከግድግዳው ወዲህ ሰዎች ካፖርት ለብሰው 400 ሜትር በሚረዝም ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካይሮ አጠገብ በምትገኘው የ6 ኦክቶበር ከተማ ተመሳሳይ አዳራሽ ተከፍቶ አፍሪካም የራሷን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሳዑዲ አረቢያ ትሮጄና የተባለ የተራራ መዝናኛ ልትገነባ ማቀዷን ይፋ አደረገች፤ በዚያው ዓመትም የ2029 የእስያ የክረምት ጨዋታዎች አዘጋጅ ሆና ተመረጠች። ለተራራው የሚያስፈልገው ውሃ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጨው ተጣርቶለት ሽቅብ እንዲገፋ ታስቦ ነበር። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለውን አባባል በተግባር ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሌላ ነው። ብርድ ውድ ዕቃ በሆነበት አገር፣ በገንዘብ የሚገዛው የመጀመሪያው ብርድ ምን ላይ መዋል አለበት? ለመለኪያ የምንወስደው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን ነው። እዚያ የበረዶ መዝናኛ ለመገንባት የቀረበ እቅድ ኖሮ አይደለም፤ ሐሳቡን ወደ ቆላ አውርዶ መፈተን ብዙ ነገር ስለሚገልጥ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ጎን የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ አራሹና አርቢው ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው የዞኑ ወረዳዎች ናቸው። ከእነዚሁ ወረዳዎች ብዙ ወጣት በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ይወጣል። በበረሃ በረዶ የሚያቅደው ሀብትና ከቆላ የሚሰደደው ጉልበት የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ፦ ከሚሴ በረዶ ያስፈልጋታል፤ መንሸራተቻ ግን አያስፈልጋትም።

በመጀመሪያ ሰው ሠራሽ በረዶ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ኮነቲከት የበረዶ ሸርተቴ ያመርቱ የነበሩት ዌይን ፒርስ፣ አርት ሀንትና ዴቭ ሪቺ በረዶ የጠፋበት ወቅት ገበያቸውን ሲያቀዘቅዘው፣ ከቀለም መርጫ ኮምፕረሰርና ከአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ የመጀመሪያውን የበረዶ መድፍ ገጣጠሙ። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ውሃና የታመቀ አየር በጠባብ አፍ ተገፍተው ሲወጡ ውሃው ይበናል፤ አየሩም በድንገት ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ከብናኙ ጥቂቱ ወዲያው ረግቶ የበረዶ ፍሬ ይሆናል፤ የቀረው በእነዚህ ፍሬዎች ዙሪያ እየረጋ መሬት ይደርሳል። ንጹሕ የውሃ ጠብታ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰ ብቻ አይረጋም፤ የሚይዘው ፍሬ ከሌለ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ የመዝናኛ ቦታዎች ፕሱዶሞናስ ሲሪንጌ ከተባለ ባክቴሪያ የሚገኝ ፕሮቲን ውሃው ውስጥ የሚጨምሩት። ይህ ባክቴሪያ በተክል ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ውርጭ ቶሎ እንዲይዝ አድርጎ ሰብል የሚያስመታ ነው፤ በእርሻ ጠላት የሆነው በሸርተቴ ሜዳ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል።

መድፉ ሥራውን የሚሠራው ግን አየሩ ሲያግዘው ነው። የእንስራ ውሃ ከአካባቢው አየር ይልቅ ቀዝቃዛ የሚሆነው በገላው ላይ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ከመድፉ የሚወጣው ብናኝም የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። አየሩ በደረቀ መጠን ትነቱ ይበረታል፣ ቅዝቃዜውም ይጨምራል። ባለሙያዎች ሙቀቱንና እርጥበቱን አንድ ላይ የሚለካው፣ ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ መድፉን አያስነሱም። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ በረዶ መካሄዱ ብዙዎችን ቢያስገርምም፣ ቦታው በክረምት ብርዱ የሚቆረጥም ደረቅ አገር ነው፤ የጎደለው ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ብቻ ነበር። በሌሶቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለው አፍሪስኪም የሚሠራው የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ክረምት ሌሊቱን ስለሚያቀዘቅዝለት ነው። ትሮጄናም ቢሆን በሰሜን 28ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ከ1,500 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ የታሰበ በመሆኑ በክረምት ውርጭ ያያል። እነዚህ ሁሉ ብርድ እያላቸው በረዶ ያነሳቸው ቦታዎች ናቸው።

ከሚሴ ግን ብርዱ ራሱ የላትም። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ናት፤ በዚህ ኬክሮስ በዓመቱ ወራት መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ይበልጣል። የእኛ ክረምት ዝናብ ይዞ ይመጣል እንጂ ውርጭ ይዞ አይመጣም። በከፍታ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪን ከሚሻገር ቆላ ተነስቶ ዜሮ ላይ ለመድረስ በከሚሴ ላይ ሌላ 3,000 ሜትር መደረብ ያስፈልጋል። ያ ማለት የራስ ደጀን ጫፍ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚጥለው በረዶ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። በባሌ ተራሮች ላይ ከዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግግር በረዶ ተኝቶ እንደነበር ተመራማሪዎች ግግሩ ከተዋቸው የድንጋይ ክምሮች አውቀዋል፤ ዛሬ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ መሐንዲስ ጣልቃ ይገባል፦ «ቀዝቃዛ አየር የማይፈልግ መሣሪያም አለ እኮ!» እውነቱን ነው። ጨዋማ ውሃ በማጣራት የሚታወቀው የእስራኤሉ አይዲኢ ኩባንያ የደቡብ አፍሪካን ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች ለማቀዝቀዝ የሠራውን መሣሪያ በኋላ ወደ በረዶ ማምረቻነት አዙሮ ለስዊዘርላንዱ ዘርማትና ለኦስትሪያው ፒትስታል ሸጧል። መሣሪያው አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ ውሃው ከፊሉ እንዲተን ያደርጋል፤ የሚተነው ሙቀቱን ከቀረው ላይ ነጥቆ ስለሚሄድ የቀረው ይረጋል። ውጭ 30 ዲግሪ ቢሆንም በረዶ ይወጣዋል። እንግዲህ በከሚሴም ማምረቱ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው የተመረተው መሬት ከነካ በኋላ ነው። በዚያ አካባቢ ባለ ጥርት ያለ ቀን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ኃይል 20 ሜጋጁል እንበል፤ በረዶው ከዚህ 60 በመቶውን መልሶ ቢያንጸባርቅ እንኳ የሚቀረው 8 ሜጋጁል 24 ኪሎ ግራም በረዶ ያቀልጣል። በአንድ ሄክታር 240 ቶን ማለት ነው፤ በየቀኑ፣ ሞቃቱን አየርና ዝናቡን ሳንቆጥር። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምንጣፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቦርከና ይገባል።

ስለዚህ የሚቀረው መንገድ የዱባይ መንገድ ነው፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወፍራም የሙቀት መከላከያና ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ኮምፕረሰር። ሂሳቡን በቀላሉ እንሥራው። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለውን አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ ዜሮ ለማውረድ 105 ኪሎጁል፣ ከዚያም ለማርጋት 334 ኪሎጁል ሙቀት ከውስጡ ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለት እጅ ተኩል ሙቀት የሚያወጣ ደህና ማቀዝቀዣ ቢኖረን፣ አንድ ቶን በረዶ ለመሥራት ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ አዳራሹን ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሙቀትና የጎብኚውን ትንፋሽ ለማስወገድ የሚወጣውን አይጨምርም። ውሃው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አያሳስብም፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚቀልጠው ተሰብስቦ ሊመለስ ይችላል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ የተቀመጠችው የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከደጋው በሚገነጠልበት ገደል ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬን ማዕከል አድርጎ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ የደሴን መንገድ ሰነጣጥቋል። እንደ ዱባዩ 85 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው ዘንበል ያለ አዳራሽ እዚህ ሲቆም፣ ለመሠረቱና ለብረቱ የሚወጣው ገንዘብ ጠፍጣፋና ጸጥ ያለ መሬት ላይ ከሚወጣው ይበልጣል።

እንግዲህ ብርድ በቆላ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው። ዕቃው ለምን እንደተፈለሰፈ ማስታወስ ደግሞ ለጥያቄያችን መልስ ግማሹን ይሰጣል። በመሣሪያ በረዶ ለመሥራት ከተነሱት ቀዳሚዎች አንዱ የበረዶ አገር ሰው አልነበረም። ጆን ጎሪ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ አፓላቺኮላ በተባለች ሞቃትና ረግረጋማ የወደብ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ነበር። የወባና የቢጫ ወባ ሕሙማኑን ክፍል ለማቀዝቀዝ ከሰሜን በመርከብ የሚመጣውን የሐይቅ በረዶ ጣሪያ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ መርከቡ ሲዘገይ ግን ሕሙማኑ ይቃጠላሉ። አየርን አምቆ መልሶ በማስፋት በረዶ የሚሠራ መሣሪያ ፈለሰፈና እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ መብት አገኘበት። በዘመኑ ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ1855 ሞተ። የሰው ሠራሽ ብርድ ታሪክ አንዱ መነሻ እንግዲህ በወባማ ቆላ፣ ትኩሳት ላይ በወደቀ ሰው አልጋ ዙሪያ ነው። ከሚሴም ረግረግ ያለባት ወባማ ቆላ ናት፤ ጎሪ መጥቶ ቢያያት አገሩን ባወቀ ነበር።

በዚህች ቆላ ብርድ ያጣው ምን እንደሆነ ለማየት የአንዲት ላም ወተት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚደርስበት መከታተል ይበቃል። ወተቱ ከጡት ሲወጣ ከ37 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት አለው። በወይራ ጭስ የታጠነው ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ማጠኑ ለሽታው ብቻ አይደለም፣ ጭሱ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያሉትን ተህዋስያን ስለሚቀንስ ነው፤ እናቶች ላቦራቶሪ ሳያዩ የደረሱበት ጥበብ ነው። ዕድሜውን ግን በሰዓታት ብቻ ያረዝመዋል። በዚህ ሙቀት አንድ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ 4,096 ይሆናል። ጎህ ሲቀድ የታለበ ወተት በእግርና በባጃጅ አስፋልት እስኪደርስ፣ ከአስፋልት ኮምቦልቻ ወይም ደሴ እስኪገባ ፀሐይዋ ትከርራለች፤ ገዢውም ቀምሶ ዋጋውን ይሰብራል ወይም «ኮምጥጧል» ብሎ ይመልሳል። ያው ወተት በታለበ በሁለት ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ቢደርስ ተህዋስያኑ ባሉበት ይዘገያሉ፤ ወተቱም ነገም ወተት ነው። አርቢው ይህን ዕድል ስላጣ የማታውን ወተት ወደ እርጎና ወደ ቅቤ ያዞረዋል፤ ጥሩ መላ ነው፣ ጥሬ ወተት ከነሙሉ ዋጋው የሚሸጥበትን ገበያ ግን አያስገኝለትም።

አሁን ሁለቱን ብርዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንድ ሊትር ወተት ከ35 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ የሚወጣው ሙቀት 120 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ በረዶ ለመሥራት ከሚወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ። አንድ አዳራሽ መንሸራተቻውን ለማደስ በሌሊት 30 ቶን በረዶ ያመርታል እንበል። የፈጀው 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ወተት ያቀዘቅዛል፤ በየሌሊቱ። የክትባት ብርድ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የኩፍኝም ሆነ አብዛኛው ሌላ የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ለዚህ በጤና ኬላ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በትከሻዋ አንግታ የምትዞረው የክትባት ሳጥን ውስጥ የምትጨምረው የረጋ የውሃ ከረጢት የሚዘጋጀው እዚያው ነው። የባቲ ፍየል በገበያ ቀን ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ እጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በበሽታ እንዳይረግፍ የሚከተበው ክትባትም ያንኑ የብርድ ሰንሰለት ይፈልጋል። በጨፋ መስኖ የሚመረተው ቲማቲም በአንድ ሳምንት ተደራርቦ ሲደርስ ዋጋው የሚወድቀው፣ ገበሬው ሦስት ቀን የሚያሳድርበት ቀዝቃዛ ጥላ ስለሌለው ነው።

መቃወሚያዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት። የመጀመሪያውና ብርቱው የዱባይ ክርክር ነው፦ «ዱባይም በረሃ ነበረች፤ ደፍራ ስለሠራች ሰው መጣላት»። ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጦታል። የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተናገደው መንገደኛ 92 ሚሊዮንን ይሻገራል። በረዶው የተሠራው አስቀድሞ ለመጣ፣ ገንዘቡን ለሚያወጣና ከውጭው ሙቀት ለሚሸሽ ሕዝብ ነው፤ ያውም ገበያው ውስጥ እንዲቆይ ማባበያ ሆኖ። ከሚሴ መንገደኛ አይጠፋባትም፤ መንገደኛዋ ግን በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ደሴ፣ ወልድያና መቀሌ የሚያልፍ ነው፤ የሚፈልገውም ምሳና ቡና ነው። ጎብኚ ሰላምም ይፈልጋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ከሚሴ ዘልቆ የነበረበት መንገድ ነው ይህ፤ በዚህ መንገድ ዳር ቢሊዮን ብር በአንድ አዳራሽ ላይ የሚያፈስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኮምፕረሰር አይደለም።

ሁለተኛው፦ «ዛሬ የኃይል ችግር የለብንም፤ የዓባይ ግድብ አለን» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም እንዳለው እውነት ነው። ነገር ግን ግድቡ ባለበት በጉባ የመነጨ ኃይል ደዌ ሐረዋ የሚገኝ መንደር የሚደርሰው በምሰሶ፣ በትራንስፎርመርና በቆጣሪ ነው፤ የአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የሸርተቴ አዳራሽ ለአንድ ግቢ ብቻ የሚዘረጋ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ያው መስመር ቢከፋፈል ወተት መሰብሰቢያን፣ ወፍጮን፣ የውሃ ፓምፕንና ጤና ጣቢያን ያዳርሳል። ኃይል መትረፉ የምርጫን ጥያቄ አያስቀርም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፣ «የለንም» የሚለውን ማመካኛ ስለሚያነሳው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፦ «ድሃ ስለሆነ ወተትና ክትባት ብቻ ይታሰብለት? ደስታስ አይገባውም?» ይገባዋል። ለስፖርት የሚሆን ቦታ ማጣት የወጣት በደል ነው። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገብቷል። ኢትዮጵያ ሲመጣ ልምምዱን ያደርግ የነበረው ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ በአስፋልት ላይ ነው። የእርሱ ጽናት የሚያስተምረን ግን አዳራሽ መገንባትን አይደለም፤ ባለው መሬት መሥራትን ነው። ብርድ ማየት ለሚሻ ሰው ደግሞ ተፈጥሮ በነፃ አስቀምጣለታለች። ከጅሌ ጥሙጋ ቆላ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ የመንዝ ጓሳ አለ፤ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት የጠበቀው፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ በበጋ ሌሊት አመዳይ የሚነጣበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ሜዳ። ቆላውን ከነባቲ ገበያውና ከነጨፋ ወፎቹ፣ ውርጩን ከነጓሳው በአንድ ጉዞ የሚያገናኝ አስጎብኚ ለጎብኚው ዱባይ የሌላትን ነገር ያሳየዋል፤ ለኮምፕረሰርም አንድ ብር አያወጣም።

አራተኛው፦ «ግንባታው ሥራ ይፈጥራል፣ ስደትን ያስቀራል» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ስለዚህ የሥራ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ሆኖም ግንባታ ሲያልቅ የቀን ሠራተኛው ይሰናበታል፤ አዳራሹን የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ቴክኒሻኖች፣ አስተናጋጆችና ጥበቃዎች ናቸው። ወተት ሲቀዘቅዝ ግን ገቢው ሰብሳቢው፣ ባጃጅ ነጂው፣ መኖ ሻጩ፣ የእንስሳት ሐኪሙና ከሁሉ በላይ አላቢዋ ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ ገበያውም የራሱ ጠባይ አለው። በደጋው ከተሞች በዓቢይ ጾምና በየረቡዕ ዓርቡ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ደግሞ በረመዳን ማታ ፍላጎቱ ይጨምራል። ወተቱን ፈላጊ ከሚቀንስበት ቀን ፈላጊ ወደሚበዛበት ቀን የሚያሻግረው ድልድይ ብርድ ነው።

አምስተኛው መቃወሚያ የሚያነጣጥረው የእኔው ሐሳብ ላይ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። «በየወረዳው የተተከለው ማቀዝቀዣ መብራት ሲቆራረጥ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫ አጥቶ፣ የዶሮ ማደሪያ ሲሆን አላየንም ወይ?» ይላል። አይተናል። ብልሃቱ ያለው ኃይሉን በበረዶ መልክ ማስቀመጥ ላይ ነው። በወተት ማቀዝቀዣ ጋን ግድግዳ ዙሪያ ውሃ ይሞላል፤ መብራት ሲኖር ወይም ፀሐይ ስትወጣ አነስተኛ ኮምፕረሰር ያንን ውሃ ቀስ እያለ ያረጋዋል፤ ወተት ሲመጣ መብራት ኖረም ጠፋ፣ በረዶው እየቀለጠ ወተቱን ያቀዘቅዘዋል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ስለሚውጥ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ወተት ገደማ ወደ 4 ዲግሪ ያወርዳል። 400 ኪሎ በረዶ አንድ ሺህ ሊትር ነው። ባትሪ አያረጅበትም፣ የሚቃጠልበት ትልቅ ሞተር የለውም፣ የኮምቦልቻ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ የሚያውቀው ዓይነት ዕቃ ነው። መሣሪያው ግን ብቻውን አይቆምም፤ ባለቤት፣ ደረሰኝ፣ ጥገና የሚከፍል ሣጥንና ወተቱን ለክቶ የሚቀበል ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ማኅበር ሳይቋቋም የሚመጣ ጋን ማደሪያ የሌላት ላም ነው።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። በሞቃት አገር ብርድ መግዛት ኃጢአት የለበትም፤ የተፈለሰፈውም ለሞቃት አገር ነው። ኃጢአቱ ከሚበላሸው ምግብና ከሚጠፋው ክትባት በፊት ለትርኢት መግዛቱ ነው። ከሳዑዲ ሠርቶ የተመለሰ፣ ወይም እዚያው ሆኖ ገንዘብ የሚልክ የከሚሴ ልጅ፣ የዞኑ አስተዳደር፣ ባንኩና ባለሀብቱ ማንኛውም የብርድ ሥራ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ብርድ ዛሬ ማታ የማንን ምርት ከመበላሸት ያድናል? የሚመልስ ከተገኘ ገንዘቡ ይውጣ። የወተቱ፣ የክትባቱና የቲማቲሙ ብርድ ተሟልቶ ሲተርፍ ስለ መንሸራተቻው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።